ዴዘርት ኢግልና አቻዎቹ፦ ስለ ማግነም ሽጉጦች ለቀረበ ንጽጽር የተሰጠ ምላሽ

ኃይለኛ የማግነም ጥይት የሚተኩሱ፣ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጎርሱ (ግማሽ አውቶማቲክ) ሽጉጦችን የሚያነጻጽር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ሰሞኑን እኔም ዘንድ ደረሰ። ስለ መሣሪያ አሠራር በቋንቋችን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ብዕራቸውን ማንሣታቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ አቀራረባቸውም ለማንበብ የሚጋብዝ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ከቆመባቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ስሕተት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ከመካከላቸውም አንዱ አንባቢውን ለጉዳት ሊዳርግ ስለሚችል በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ዴዘርት ኢግል የማግነም ጥይት የተኮሰ የመጀመሪያው ግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው ይላል፤ የእስራኤል ጦር መደበኛ ትጥቅ ነው ይላል፤ በጋዝ ስለሚሠራ ርግጫው፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል፣ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ያለ ጋዝም የማግነምን ኃይል የሚችል ሽጉጥ ሊሠራ አይችልም ይላል፤ የአፈሙዙ ስፋት .50 ኢንች የሆነው (ባለ .50ው) ዓይነት በዓለም ላይ ካሉ የእጅ መሣሪያዎች ሁሉ ኃይለኛው ነው ይላል፤ ኦቶ ማግ፣ ዋይልዲ፣ ኩናንና ግሪዝሊ የተባሉት ተፎካካሪዎቹ ከገበያ የጠፉት አሠራራቸው ደካማ ስለነበረ ነው ይላል፤ የሪቮልቨር ጥይት በቤቱ ያለው ሰው ያንኑ ጥይት ምንም ሳይመርጥ ሊጎርሰው ይችላል ይላል፤ በመጨረሻም ቤትን ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ሽጉጥ የለም ብሎ ይደመድማል። እኔ የምኖረው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ በአንድ የተኩስ መለማመጃ ስፍራ በደኅንነት ተቆጣጣሪነት ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ከላይ ከተጠቀሱት ሽጉጦች አንዳንዶቹን ተኩሻለሁ፣ አንዳንዶቹንም ፈትቼ አጽድቻለሁ። ቀጥሎ ነጥቦቹን በየተራ እመለከታለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። አረር ስል ከአፈሙዝ የሚወጣውን፣ ቀለሃ ስል ደግሞ ባሩዱን የሚይዘውን የናስ ዕቃ፣ መዝጊያ ስልም ጥይቱን ከኋላ ይዞ የሚዘጋውን ብረት ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ማን ነው በሚለው ልጀምር። ማግነም የሚለው መጠሪያ በእጅ መሣሪያ ጥይት ላይ ታዋቂ የሆነው በ1930ዎቹ አጋማሽ .357 ማግነም ለገበያ ሲቀርብ ነው፤ .44 ማግነም ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ሁለቱም የተቀመሩት ጎተራው እየተሽከረከረ ለሚተኩሰው ለሪቮልቨር ነበር። ይህን መሰል ኃይል ራሱን በራሱ በሚያጎርስ ሽጉጥ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ግን ከስሙም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሂው ጋቤት ፌርፋክስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሠራው ማርስ የተባለ ሽጉጥ፣ መዝጊያው እየዞረ የሚቆለፍ፣ ኃይሉም በዘመኑ ከነበሩት የጦር ሽጉጦች ሁሉ እጅግ የላቀ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ፈትሾ አልተቀበለውም፤ የተሠራውም በጠቅላላው 80 ገደማ ብቻ ነው። ማርስን እንኳ ወደ ጎን ብንተወው፣ ሃሪ ሳንፎርድ በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና ከተማ ያመረተው ኦቶ ማግ በ1971 ዓ.ም. ገበያ ላይ ውሏል። ማግነም ሪሰርች የተባለው የዴዘርት ኢግል ባለቤት ኩባንያ ግን በሚኒያፖሊስ የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሽጉጡ ለሽያጭ የበቃው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ስላለ ቀዳሚነቱ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

ስለ እስራኤል የተነገረው ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የሽጉጡ የመጀመሪያ ንድፍ የአሜሪካዊው በርናርድ ዋይት ነው፤ ያንን ንድፍ ወስዶ ለምርት ያበቃውና ለብዙ ዓመታት ያመረተው ደግሞ የእስራኤል ወታደራዊ ኢንዱስትሪዎች የተባለው ድርጅት ነው። ምርቱ በ1995 ዓ.ም. ወደ አሜሪካዋ ሜይን ግዛት ተዛውሮ፣ በ1998 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተመልሶ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እኔ ከምኖርበት ከተማ በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ በሆነችው በፒሊጀር፣ ሚኒሶታ ይከናወናል። በእስራኤል መሠራቱ ግን የእስራኤል ወታደር ይታጠቀዋል ማለት አይደለም። የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ አያውቅም፤ በዚያ ያገለገሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በላይ ሊመሰክሩ ይችላሉ። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ስገምት፣ በእስራኤል ፖሊስ እጅ የሚታየው ጄሪኮ 941 የተባለው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ በመልኩ ዴዘርት ኢግልን ስለሚመስልና በአሜሪካም ያው ማግነም ሪሰርች ቤቢ ኢግል በሚል ስም ሲሸጠው ስለኖረ፣ ሁለቱ በሰው አእምሮ ተምታተው ይሆናል። በአሠራር ግን አይገናኙም። ጄሪኮ በወገብ ታጥቀውት የሚውሉት የሥራ መሣሪያ ነው፤ ዴዘርት ኢግል ባዶውን 2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

ታዲያ ለማን ተሠራ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢያነሡት ኖሮ ብዙው ስሕተት በራሱ በታረመ ነበር። በ1970ዎቹ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የተሻገረ አንድ የተኩስ ስፖርት እጅግ ተወዳጅ ሆኖ ነበር። ከብረት የተቆረጡ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የቱርክ ዶሮና የበግ ቅርጾች በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማሉ፤ ተኳሹ ነጥብ የሚያገኘው ቅርጹን በመምታቱ ሳይሆን ከቆመበት በመጣሉ ነው። በ200 ሜትር ላይ የቆመውን ከባድ የብረት በግ ተራ የሽጉጥ ጥይት ቢነካው ድምፁ ይሰማል እንጂ በጉ አይወድቅም። ዴዘርት ኢግል የታሰበው እንዲህ ላለው ስፖርትና በሽጉጥ ለሚያድኑ አዳኞች ነው። አፈሙዙ ሲተኮስ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የማይነቃነቅ መሆኑ፣ በላዩም የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገጠም መቻሉ፣ ከ15 ሴንቲ ሜትሩ አፈሙዝ ሌላ የ25 ሴንቲ ሜትር፣ በቀድሞው ጊዜም የ35 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ መቅረቡ፣ ይህ ሁሉ ከሩቅ ዒላማ ጋር ካልተያያዘ ትርጉም አይሰጥም።

አሁን ወደ ጋዙና ወደ ርግጫው ልምጣ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ነው። ጸሐፊው ጋዙ ርግጫውን ይውጠዋል የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። እውነቱን ለማየት ሽጉጡ ሲተኮስ የሚሆነውን መከተል ይበቃል። ጥይቱ ከሚቀመጥበት ጎሬ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በአፈሙዙ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። አረሩ ይህችን ቀዳዳ እንዳለፈ ከባሩዱ ቃጠሎ የተነሣው ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳዋ ይገባና ከአፈሙዙ ሥር በተበጀለት ቱቦ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲቃረብ አንዲት አጭር ፒስተን ያገኛል፤ ፒስተኗም ስላይድ የሚባለውን ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ስላይዱ ሲንቀሳቀስ መዝጊያውን አዙሮ ከቁልፉ ያላቅቀዋል፣ ባዶውን ቀለሃ ያወጣል፣ ሞላው መልሶ ሲገፋውም አዲስ ጥይት ያጎርሳል። መዝጊያው በጥርሶቹ እየዞረ የሚቆለፍበት መንገድ የኤም 16 ጠመንጃን መዝጊያ እጅግ ይመስላል። ጋዙ ወደ ፊት ሄዶ እስኪመለስ በሚወስደው ቅጽበት ውስጥ አረሩ ከአፈሙዙ ይወጣል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ መዝጊያው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በእውነት የሚደነቅ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ ግን መዝጊያውን በሰዓቱ ለመክፈት እንጂ ርግጫን ለማጥፋት የተፈጠረ አይደለም። አረር ወደ ፊት ሲወረወር መሣሪያው በዚያው ልክ ወደ ኋላ መገፋቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ጋዝ፣ ሞላ ወይም ሌላ መላ ይህን ድምር አይቀንሰውም። የስላይዱ ጉዞና የሞላው መጨመቅ ግፊቱን በጊዜ ውስጥ ስለሚዘረጋው እጅ የሚሰማው ከዱላ ይልቅ እንደ ግፊያ ነው፤ ይህን አልክድም። ዋናው ሥራ ግን የክብደቱ ነው። 15.6 ግራም የሚመዝን የ.44 ማግነም አረር በሰከንድ 410 ሜትር ይጓዛል እንበል። የባሩዱን ድርሻ ትተን አረሩን ብቻ ብንቆጥር፣ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ዴዘርት ኢግል በሰከንድ 3.2 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ሲመጣ፣ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሪቮልቨር በሰከንድ 4.9 ሜትር ይመጣል። ሽጉጡ ክንድን የሚገፋበት ጉልበት 10 ጁል ገደማ፣ የሪቮልቨሩ ደግሞ ከ15 ጁል በላይ ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው 700 ግራም ብረት ነው። በባለ .50ው ጥይት ሲሆን ደግሞ ያው ከባድ ዴዘርት ኢግል ራሱ ወደ 19 ጁል ይጠጋል። ርግጫ የለውም ብለው የሰጡኝ ሽጉጥ በዚህ መጠን ከረገጠኝ፣ ያልተዘጋጀ እጅ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ የላይኛው የስላይድ ጠርዝ ግንባራቸው ላይ ምልክት የተወባቸውን ሁለት ሰዎች በሥራዬ አይቻለሁ።

ያለ ጋዝ የማግነም ሽጉጥ አይሠራም የሚለው ደግሞ ጸሐፊው ራሳቸው በጠቀሷቸው ተፎካካሪዎች ይፈርሳል። ከአምስቱ በጋዝ የሚሠሩት ዴዘርት ኢግልና ዋይልዲ ብቻ ናቸው። ኦቶ ማግ አፈሙዙና መዝጊያው ተቆላልፈው አብረው ጥቂት ወደ ኋላ ከሸሹ በኋላ መዝጊያው ዞሮ የሚላቀቅ፣ በርግጫው ኃይል የሚሠራ ሽጉጥ ነው። ኩናንና ግሪዝሊ ሁለቱም ከአሜሪካዊው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ ከጆን ብራውኒንግ 1911 ከተባለው ሽጉጥ የተወለዱ ሲሆኑ፣ አፈሙዛቸው ዝቅ እያለ ከስላይዱ ቁልፍ ይላቀቃል። ኩናን .357 ማግነምን 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን፣ ሰባት ጥይት በሚጎርስ አካል ውስጥ አስገብቶታል፤ ያውም ያለ አንዲት የጋዝ ቀዳዳ።

ኃይልን በሚመለከት ጸሐፊው የካሊበሩን ቁጥር እንደ ደረጃ ሰንጠረዥ ወስደውታል፤ .50 ከ.44፣ .44ም ከ.357 ይበልጣል፣ ስለዚህ .50 የሁሉም የበላይ ነው የሚል። ካሊበር የአረሩን ውፍረት ይነግረናል እንጂ ክብደቱንና ፍጥነቱን አይነግረንም። የተለመዱ የፋብሪካ ጥይቶችን ብንወስድ፣ 8 ግራም አረር በሰከንድ 350 ሜትር የሚወረውር የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 490 ጁል ያህል ጉልበት አለው። .357 ማግነም በ10.2 ግራምና በ380 ሜትር ወደ 740 ጁል፣ .44 ማግነም በ15.6 ግራምና በ410 ሜትር ወደ 1,300 ጁል፣ የዴዘርት ኢግሉ .50 አክሽን ኤክስፕረስ በ19.4 ግራምና በ450 ሜትር ወደ 1,960 ጁል ይደርሳሉ። እስከዚህ የጸሐፊው ቅደም ተከተል ይሠራል። ነገር ግን .454 ካሱል የተባለው የሪቮልቨር ጥይት ያንኑ 19.4 ግራም አረር፣ ውፍረቱ ግን ከ.50ው በሚያንስ አፈሙዝ፣ በበለጠ ፍጥነት ወርውሮ ከ2,200 ጁል በላይ ይሰጣል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው .500 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ማግነም ደግሞ ከ3,000 ጁል ያልፋል። ስለዚህ .50 አክሽን ኤክስፕረስ በግማሽ አውቶማቲኮች ዘንድ ከከፍተኞቹ አንዱ ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ ከእጅ መሣሪያ ሁሉ የሚለው ግን ከ20 ዓመት በላይ ያለፈበት አነጋገር ነው።

በነገራችን ላይ ይህ .50 ጥይት ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው፤ ጸሐፊው ለምን እንዳለፉት አልገባኝም። በ1988 ዓ.ም. ኢቫን ዊልዲን የቀመረው ሲሆን፣ አረሩ መጀመሪያ ከግማሽ ኢንች ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ ከግማሽ ኢንች የሚሰፋ አፈሙዝ ያለውን መሣሪያ በከባድ ቁጥጥር ሥር ስለሚያደርግ ልክ ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደረገ። የቀለሃው አካል ወፍራም ሆኖ ሳለ ግርጌው ላይ ያለው ከንፈር ግን ጠብቦ ከ.44 ማግነም ከንፈር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። በዚህም ምክንያት የዘመኑ ዴዘርት ኢግል ባለቤት አፈሙዙንና ካዝናውን ብቻ በመለወጥ በአንድ መዝጊያ ሁለቱን ጥይቶች ይተኩሳል። ወደ .357 መውረድ ከፈለገ ግን መዝጊያውንም መለወጥ ይኖርበታል። ካዝናው የሚይዘው በ.357 ዘጠኝ፣ በ.44 ስምንት፣ በ.50 ሰባት ጥይት ነው።

ተፎካካሪዎቹ በድክመታቸው ጠፉ የተባለው እኔን በግል አሳዝኖኛል፤ በዚህ ዘርፍ የደከሙ ሰዎችን ሥራ ያቃልላልና። ኦቶ ማግን እንውሰድ። ዝገት ከማይበላው ብረት የተሠራ፣ 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ዛሬም ቢሆን ውበቱ ዓይን የሚስብ ሽጉጥ ነው። ጥይቱ .44 ኦቶ ማግ በኃይሉ ከ.44 ማግነም ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ግርጌው ከንፈር ስለሌለው ከካዝና ወደ ጎሬ መንሸራተት ይቀለዋል። ሳንፎርድን የጎዳው ሌላ ነገር ነበር። ሽጉጡን ለማምረት ከሚያወጣው ባነሰ ዋጋ ይሸጠው ስለነበር ኩባንያው በ1972 ዓ.ም. ከሰረ። በዚያ ላይ ሽጉጡ ሲወጣ የፋብሪካ ጥይት አልነበረውም፤ ገዢው የ.308 ወይም የ.30-06 ጠመንጃ ቀለሃ ቆርጦ፣ የውስጡን ግድግዳ አሳስቶ፣ ባሩድና አረር ራሱ ሞልቶ ነበር የሚተኩሰው። አንድ አዛውንት የተኩስ ወዳጄ ያን ዘመን ሲያወሩኝ፣ ቅዳሜ ለሚተኩሷቸው ሃምሳ ጥይቶች የሳምንቱን ምሽቶች ሁሉ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ያሳልፉ እንደነበር ነግረውኛል። ለእንዲህ ያለ ትጋት የታደለው ሰው ጥቂት ነው። ዴዘርት ኢግል ያሸነፈው በዋነኛነት በዚህ ነጥብ ነው፤ በየሱቁ የሚገኘውን .357ና .44 ማግነም እንዲጎርስ ተደርጎ ተሠራ።

ዋይልዲም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው። በኮነቲከት ዋይልዲ ሙር የሠራው ይህ ሽጉጥ ጋዙን አፈሙዙን እንደ ቀለበት ከብቦ ወደተቀመጠ ፒስተን ያስገባል፤ ተኳሹም እንደ ጥይቱ ኃይል የጋዙን መጠን በእጁ አዙሮ ሊያስተካክል ይችላል። በዚህ ረገድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዴዘርት ኢግል ይልቅ የተራቀቀ ነው። ጥይቶቹ ግን .45 ዊንቸስተር ማግነምና ከ.284 ዊንቸስተር ጠመንጃ ቀለሃ የሚቆረጠው .475 ዋይልዲ ማግነም በመሆናቸው በማንኛውም ከተማ ገብቶ የሚገዛቸው ሰው አልነበረም። በዩታ የተመረተው ግሪዝሊም በዋናነት የቆመው በዚያው በ.45 ዊንቸስተር ማግነም ላይ ነበር፤ በኋላ .44 ማግነምንና .50 አክሽን ኤክስፕረስን ቢጨምርም። ኩናን ደግሞ ከእኛው ሚኒሶታ የወጣ አነስተኛ አምራች ነበር፤ በ1990ዎቹ ተዘግቶ በኋላ ዳግም የተከፈተው ሽጉጡ ተፈላጊነቱን ስላላጣ ነው።

እዚህ ላይ ለኩናንና ለዴዘርት ኢግል አንድ ምስጋና ልጨምር። የሪቮልቨር ጥይት ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ በጎተራ ውስጥ ጥይቱን ይዞ የሚያቆመው እርሱ ነው። ጥይቶቹ በካዝና ውስጥ ሲደራረቡ ግን የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ኋላ ከዋለ፣ ስላይዱ የላይኛውን ሲገፋ የታችኛውን ጠልፎ ይይዘዋል፤ ሽጉጡም ይነክሳል። በዚህ ምክንያት ካዝናው በጥንቃቄ ዘንበል ተደርጎ መሠራት፣ ተኳሹም እያንዳንዱን ጥይት ከበታቹ ካለው ፊት አድርጎ መሙላት አለበት። ከዚህም ሌላ የ.44 ማግነም ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ 41 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ9 ሚሊ ሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የዴዘርት ኢግል እጀታ ለብዙ ሰው መዳፍ የሚበዛው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥይቱ በዚያ እጀታ ውስጥ ተጋድሞ መቀመጥ ስላለበት እጀታውን ማሳነስ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለቀጣዩ ነጥብ ነው፤ ጽሑፉን እንደያዝኩ እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነውና። ጸሐፊው የሪቮልቨር ጥይት ያለው ሰው ያንኑ ሳይመርጥ ይጠቀም ብለዋል። የካሊበሩ ስም አንድ ቢሆንም ጥይቱ አንድ አይደለም። ብዙ የሪቮልቨር ተኳሾች ዋጋው ስለሚቀልላቸው ምንም ሽፋን የሌለው፣ ከእርሳስ ብቻ የተቀረጸ አረር ያለውን ጥይት ይገዛሉ፤ ለሪቮልቨራቸውም አይከፋም። ዴዘርት ኢግል ግን መዳብ ለበስ አረር ይፈልጋል፤ የአምራቹም መመሪያ እርቃኑን የሆነ እርሳስ እንዳይተኮስበት ያስጠነቅቃል።

ባለፈው ዓመት በመጸው ወራት አንድ ወጣት ሽጉጡ እየነከሰ አስቸግሮት ጠራኝ። ባለ .44 ዴዘርት ኢግል ነበር፤ አጠገቡ ያለው ካርቶን ከአጎቱ ሪቮልቨር የተረፈ የእርሳስ ጥይት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካዝናዎች ያለ ችግር ወጥተዋል፤ ከዚያ ስላይዱ ግማሽ መንገድ እየመጣ ቀለሃውን ሳይተፋ ይመለስ ጀመር። ካዝናውን አስወጥቼ፣ ጎሬው ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ አፈሙዙን አነሣሁት። የጋዙ ቀዳዳ መግቢያ ዙሪያውን በእርሳስ ተለስኖ፣ የቀረው ክፍተት ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቅሪት እንደ እርሳስ ብዕር ቀለም ጣትን ያጠቁራል። ልጁ የሚነክሰው ሞላው ስለደከመ መስሎት ሌላ ሃያ ጥይት በላዩ ሊጨምርበት ነበር። ቀዳዳዋና ቱቦዋ በእርሳስ ተደፍነው ሲቀሩ ሽጉጡ መሥራት ከማቆሙም በላይ ለማጽዳት ወደ ባለሙያ መላክ ግድ ይሆናል፤ በአፈሙዝ ውስጥ የተጠራቀመ እርሳስ ላይ ኃይለኛ ጥይት መተኮስ ደግሞ ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ጸሐፊው ያቀረቡትን ምክር የተከተለ አንባቢ የሚደርስበት ቦታ ይህ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ታዝቤአለሁ። ልጁ ግራ መዳፉን ሲኒ እንደሚደግፍ ሰው ከካዝናው ግርጌ ዘርግቶ ነበር ሽጉጡን የሚይዘው። የዴዘርት ኢግል ካዝና በእጀታው ውስጥ ጥቂት ልል ሆኖ እንዲቀመጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ከሥሩ ወደ ላይ ሲገፋ ጥይቱ የሚቀርብበት ማዕዘን ይዛባል። ቀዳዳዋን አጽድተን፣ መዳብ ለበስ ጥይት ሰጥተነው፣ ግራ እጁን ከካዝናው ግርጌ አንሥቶ የቀኝ ጣቶቹን ከፊት እንዲያቅፍበት ካደረግን በኋላ ሦስት ካዝና ሙሉ አንድም ሳይነክስ ተኩሷል። ሽጉጡ ችግር አልነበረበትም። የሚፈልገውን ጥይትና አያያዝ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ቤት ስለመጠበቅ የተባለውን በአጭሩ እመልሳለሁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የ.44 ወይም የ.50 ማግነም ድምፅ ያለ ጆሮ መከላከያ የመስማት ችሎታን በቋሚነት ሊጎዳ ይችላል፤ የአፈሙዙ ብልጭታ በጨለማ የተኳሹን ዓይን ያጨልማል፤ አረሩ የአሜሪካ ቤቶች የሚከፈሉበትን ስስ የጂፕሰም ግድግዳ አንዱን ከሌላው አልፎ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ወይም ወደ ጎረቤት ሊዘልቅ ይችላል። 2 ኪሎ ግራም ብረት ከእንቅልፉ የባነነ ሰው በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው የሚያነጣጥርበት መሣሪያ አይደለም። ለ200 ሜትር የብረት በግ የተበጀ ሽጉጥ ለአራት ሜትር መኝታ ቤት አይመከርም፤ የትኛውንም የተኩስ አሠልጣኝ ቢጠይቁ ከዚህ የተለየ መልስ የሚያገኙ አይመስለኝም።

እኔ ራሴ ብመርጥ የትኛውን እንደምወስድ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ለዒላማና ለአደን ባለ 25 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ .44 ዴዘርት ኢግልን ከ.50ው አስቀድማለሁ፤ ጥይቱ በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ርግጫውም ከሃያ ጥይት በኋላ እጅ አያንቀጠቅጥም። ለሚነካኝ የእጅ ጥበብ ደግሞ ኩናንን እመርጣለሁ። በዚህ ምርጫ ጸሐፊው ቢለዩኝ ቅር አይለኝም፤ ምርጫ ነውና። ስለ ቀዳሚነቱ፣ ስለ ጦሩ ትጥቅና ስለ ኃይሉ የጻፉትንም በጊዜያቸው ሊያርሙት ይችላሉ። ስለ ጥይት የጻፏትን አንዲት አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያነሡልኝ፣ በምትኩም መዳብ ለበስ ጥይት ብቻ የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲያስገቡልኝ በትሕትና እጠይቃቸዋለሁ።